ስምንተኛ ቀኑ ያለፈበት ልጅ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። እናትና አባቱ ከመንገድ ድካም ጋደም እንዳሉ፣ ሣህለ ማርያም ሱሪውን አርሶ ከጓዳው በር ጥግ ቆሞ ተገኘ። አምስት ዓመቱ ነው። አያቱ መሪጌታ አካለ ወልድ ሲያዩት አላለቀሰም፤ የረጠበ ጭኑን በሁለት እጁ ሸፍኖ መሬት መሬት ያያል። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው እንዳልሆነ ከአቋቋሙ ያስታውቃል።

«አባባ፣ ለእማዬ እንዳይነግሯት። አሁን ነው የቀየረችልኝ።»

«ማን ይነግርብሃል? ና ወዲህ።»

መሪጌታ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ሞጣ ላይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ሕፃን አጥበው አያውቁም። ቢሆንም በጣሳ ውሃ ቀድተው፣ የልጁን ሱሪ አውልቀው፣ ጎንበስ አሉ።

የሽንቱን ነገር ያውቁታል። ቢቸና ላይ ሒሳብ የሚያስተምረው ልጃቸው ስጦታው በስልክ ነግሯቸዋል። ሣህለ ማርያም ሽንቱ እንደ ሰው ሁሉ ከጫፍ ይወጣል፤ ነገር ግን ከሥር በኩል፣ መካከል ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ሌላ ቀዳዳ አለችው፤ ከዚያም ይወጣል። ሲፈጠርም እንዲሁ ነው። ብዙ ሐኪም በዕድሜው አንዴ ቢያየው ነው ይባላል። ከባሕር ዳር የመጡ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ሞጣ ላይ ይሠራሉ ሲባል፣ ተዘግቶ የሰነበተው መንገድም ተከፍቶ ስለነበር፣ ስጦታውና ሚስቱ አገሬ ልጃቸውን ይዘው ከቢቸና የመጡት ለዚሁ ነው።

መሪጌታ ያላወቁት ሌላ ነበር። ልጁ አልተገረዘም።

ውሃው በጣሳው ውስጥ እንዳለ ቆዩ። ልጁ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ስጦታው ደውሎ «ተፈጽሟል፣ አባባ፤ ደኅና ነው» ያላቸውን አልረሱትም። ያን ዕለት የቅኔ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ዳቦ ቆርሰው መርቀዋል። ያ ዳቦ ለካስ ለውሸት የተቆረሰ ኖሯል።

አጠቡት፤ ደረቅ ሱሪ አለበሱት፤ ምንም አላሉም። ተማሪ ሲሳሳት ወዲያው የማረም ልማድ የላቸውም፤ ራሱ እስኪሰማው ይጠብቃሉ። አሁንም ልጃቸው ራሱ እንዲናገር ጠበቁ። ስጦታው ግን እራት ላይ ያወራው ስለ ደብረ ወርቅ ዳገትና ስለ መኪናው ጎማ ነበር። አገሬ ወጡን አቀረበች፤ አጎረሰቻቸው፤ ስለ ጤናቸው ጠየቀቻቸው። እሳቸው ዝም አሉ፤ እነሱም ዝም አሉ። ጨዋ ቤት ነገር ሲበላሽ ድምፅ የለውም።

ሰኞ ልጁ ተመረመረ። መሪጌታ ሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ስጦታውና አገሬ ፊታቸው በርቶ ወጡ።

«ሐኪሟ ይስተካከላል ብላለች፣ አባባ። ረቡዕ ጠዋት ነው።»

«ሌላ ምን አለች?»

ስጦታው አገሬን አየ፤ አገሬ መሬቱን አየች። «ሌላማ ምንም» አለ።

ሐኪሟ የተናገረችው ሌላ ነገር ነበር። ይህን ግን አልተገረዘም ሳይሉ መናገር አይቻልም፤ አልተገረዘም ለማለት ደግሞ ዋሽተንዎታል ማለት ይቀድማል። ስለዚህ አለፉት።

መሪጌታ ያን ቀን ልባቸው አንድ ነገር ላይ ተንጠለጠለ። ረቡዕ ልጁን ያደነዝዙታል። ብዙ ሰው ደንዝዞ ይነቃል። ባይነቃስ? ይህን ያህል የሚወዱት ልጅ ባይነቃ፣ ገናዦች ይመጣሉ፤ ያጥቡታል፤ ያዩታል። የየኔታ አካለ ወልድ የልጅ ልጅ ቆላፋ ሆኖ ተቀበረ ይባላል። ግርዛት ሥርዓት እንጂ ድኅነት አለመሆኑን ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ግን ዕውቀት ጭንቅላት ላይ ነው፤ ፍርሃት ሆድ ውስጥ ነው። የልጁ ስም በሬሳው ፊት እንዳይጎድፍ አንድ ነገር ማድረግ እንዳለባቸው አመኑ። እናትና አባቱንም ማሳፈር አልፈለጉም። አድርጌው ልቆይ፣ ከዚያ እነግራቸዋለሁ አሉ። ደግ የሠሩ መሰላቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ስጦታው ለልጁ የሚሆን ደም ሊሰጥ ሄደ፤ አገሬ ሳፋና ሰፋ ያለ ቀሚስ ልትገዛለት ገበያ ወጣች። መሪጌታ ልጁን አዝለው ከገበያው ጀርባ ወደ ፋንታ ቤት አመሩ።

«የት ነው የምንሄደው፣ አባባ?»

«ሰው ዘንድ ነው። ማር ይሰጥሃል።»

ፋንታ ገራዥ ነው። ዛሬ ዛሬ ሰው ሁሉ ጤና ጣቢያ ስለሚያስገርዝ ሥራው ቀዝቅዟል እንጂ፣ የሞጣ ጎልማሳ ግማሹ በእጁ ያለፈ ነው። «የቀበሌው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ሲቆጣኝ» ይላል፣ «ሳቄን መያዝ ያቅተኛል። እንዴት እንደጮኸ የማውቅ እኔ ነኛ!»

ልጁን ሲያይ ቅንድቡን አነሣ።

«የኔታ፣ ይኼ እኮ ሊያገባ የደረሰ ነው!»

«አትቀልድ፣ ፋንታ።»

«ሳልቀልድማ እጄ አይታዘዘኝም። ለመሆኑ እስካሁን ምን ሲጠብቅ ነበር?»

«ቀኑ አለፈበት። በቃ አለፈበት። ነገ ሐኪም ቤት ይተኛል፤ ከዚያ በፊት እንዲያልቅለት ነው።»

ፋንታ ከዚያ በላይ አልጠየቀም፤ የኔታን ማን ይጠይቃል? ከወረቀቱ ያልወጣ አዲስ ምላጭ አመጣ፤ እጁን በሳሙና ታጠበ። መሪጌታ ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ ልጁን ጀርባውን ወደ ደረታቸው አድርገው ታቀፉት፤ ሁለቱን እግሮቹን በሁለት እጃቸው ያዙ። በልጆቻቸው ግርዛት ጊዜም እንዲሁ ነበር የያዙት። የልጁ ልብ በጀርባው በኩል ሲመታ ደረታቸው ላይ ተሰማቸው።

«ማሩ የታለ?» አለ ሣህለ ማርያም።

«ማሩ ይደርሳል። አንተ ጣራውን እይ። ወፍ አለች» አለ ፋንታ፣ ቆዳውን በግራ እጁ ጣቶች ጨምድዶ ወደ ራሱ እየሳበ።

«የለችም።»

«አለች፤ ደኅና አድርገህ እይ።»

ምላጩ ነካው። ልጁ ደነገጠ፤ ሽንቱም አመለጠው። ጫፉን ፋንታ አንቆ ስለያዘው በዚያ መውጣት አልቻለም። በሥር በኩል እንደ ክር ቀጥኖ ተስፈነጠረና የፋንታን አንጓ መታ።

ፋንታ እጁ አየር ላይ ቀረ። ምላጩን መሬት ላይ አኖረ። መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ።

«የኔታ፣ ይኼን ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ። ነገ የሚተኛውም ለሱ ነው።»

«አውቀው ነው ያመጡት?»

«የሽንቱን ነገር ከግርዛት ምን አገናኘው?»

ፋንታ ንጹሕ ጨርቅ አንሥቶ የቆዳው ጫፍ ላይ ጫን አድርጎ ያዘ። አንድ ጠብታ ደም ወጥታለች፤ ሌላ አልተከተለም። ልጁ አሁን ገና ማልቀስ ጀመረ። ፋንታ ጨርቁን እንደያዘ ከወትሮው በዝግታ ተናገረ።

«ከዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ልጅ አምጥተውልኝ ነበር። ቀዳዳዋን አይቻታለሁ፤ ምንም አልመሰለኝም፤ ገረዝኩት። ወላጆቹ ኋላ አዲስ አበባ ወሰዱት። ሐኪሙ ምን አላቸው መሰለዎ? ‹መጣፊያውን ማን ቆርጦ ጣለው?› አላቸው። ቆዳ አጥተው ከአፉ ውስጥ፣ ከጉንጩ ልጠው ነው የለጠፉለት። ሦስት ጊዜ ተኛ። አባትዮው ያን ሊነግረኝ ብቻ እዚህ ድረስ መጣ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

መሪጌታ የልጁን እግሮች ለቀቁ።

«የተቀደደ ልብስ የሚጣፈው ከራሱ በተረፈ ጨርቅ ነው፣ የኔታ። እኔ ይኼን ከሐኪም ሳይሆን ከዚያ ሰውዬ ዓይን ነው የተማርኩት። ዛሬ ደግሞ ዓይኔ ደክሞ ሳላየው ቀረሁ። ይኼ ልጅ ባይሸናብኝ ኖሮ …» አለና አልጨረሰውም። «ተነሡ። አሁኑኑ ለሐኪሟ ያሳዩ። ምላጯ ጭራለች፤ አልቆረጠችም። ግን ያሳዩ።»

በመመለሻው መንገድ ሰው ሰላም ሲላቸው መሪጌታ አልሰሙም። ማር የሚባል ነገር ልጁም አላነሣ፤ እሳቸውም አላስታወሱ። ቤት ደርሰው ምንም እንዳልሆነ ዝም ማለት እንደሚችሉ አውቀዋል። ጭረቷ ትንሽ ናት፤ ልጁ በሱሪው ዚፕ ተጭሮ ነው ቢሉ ማን ይከራከራቸዋል? ያን ሐሳብ ከበሩ ውጭ ጥለውት ገቡ።

አገሬ ሳፋውን እንደያዘች በረንዳው ላይ ቆማለች።

«የት ሄዳችሁ ነው?»

«ፋንታ ዘንድ። ላስገርዘው ወስጄው ነበር።»

ሳፋው ከእጇ ወደቀና ግቢው ውስጥ ተንከባለለ። ልጁን ከጀርባቸው ነጥቃ መሬት ላይ አስተኛችው፤ ሱሪውን ገለጠች። ከዚያ እዚያው አፈር ላይ ቁጭ አለች።

«አለ» አለች ለራሷ። «አለ። አልተቆረጠም።»

ስጦታው ክንዱ ላይ ጥጥ እንደተለጠፈ ሲገባ ያገኛቸው እንደዚያ ነው። ሲነግሩት ቀለሙ ተለወጠ።

«አባባ! አዋላጇ እኮ ገና ሲወለድ ነው ‹ሐኪም ሳያየው እንዳትገርዙት፤ ቆዳው ይፈለጋል› ያለችን!»

«ለናንተ ነግራችኋለች። ለኔ ማን ነገረኝ?»

«ብንነግርዎ ምን ይሉን ነበር?» አለች አገሬ፣ ቀና ብላ ዓይናቸውን እያየች። ምራት ሆና አማቷን እንዲህ አይታ አታውቅም።

መሪጌታ አሰቡ። የሚያምር መልስ ፈልገው ሳይሆን እውነቱን ፈልገው ነው ያሰቡት።

«የአዋላጅ ወሬ ነው ብዬ አስገርዘው ነበር» አሉ። «በስምንተኛው ቀን። ደኅና አደረጋችሁ የዋሻችሁኝ።»

ወዲያው ልጁን ይዘው ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲስተር ሥርጉት የተባለች ነርስ ወረቀታቸውን አይታ «የነገ ተረኛ ናችሁ፤ ዛሬ ምን አመጣችሁ?» አለች።

«ኃጢአት ነው ያመጣን፣ ልጄ። አስገቢን» አሉ መሪጌታ።

ዶክተር ማርያማዊት ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ጓንት አጠለቀች፤ ማጉያ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፤ ልጁን ረጅም ጊዜ አየችው። ሰኞ ዕለት ለአገሬ «ይቺ ቆዳ ወርቄ ናት፤ እንኳን ማንም አልነካት» ያለችው እሷ ነበረች።

«ማን ነው የነካው?»

ስጦታውም አገሬም አልተነፈሱም። እንዲህ አድርገውም አባታቸውን ሊያድኗቸው ፈልገው ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ። «ምላጩን ሌላ ሰው ይዞታል፤ ሐሳቡ የኔ ነው። ልጁን አጥብቄ የያዝኩትም እኔ ነኝ። አበላሽቼው እንደሆነ ለኔ ይነገረኝ፤ እነሱ ምንም አላወቁም።»

ሐኪሟ መነጽሯን ወደ ግንባሯ መለሰች።

«ጭረቷ የገብስ ፍሬ ታህላለች፣ አባቴ። የላዩን ቆዳ ብቻ ነው የጫረችው። እኔ የምፈልገው ሥሩ ያለውን ስስ ሥጋ ነው፤ እሱ አልተነካም።»

አገሬ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ነገ ግን አልሠራውም። ቁስል ላይ ስፌት አይይዝም። ዓርብ የመጨረሻ ቀናችን ናት፤ እስከዚያ ከደረቀ እሠራዋለሁ። ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ባሕር ዳር መጥታችሁ ወረፋ መያዝ ነው። ወረፋው ደግሞ እኔም ያሳፍረኛል። በቀን ሦስት ጊዜ ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ይቀመጥ። ከዚያ ሌላ ምንም አይነካው። ቅቤ የለም፤ ማር የለም፤ ቅጠል የለም።»

«ጸበልስ?» አለች አገሬ።

«ይጠጣ። አይቀባ።»

መሪጌታ አልተንቀሳቀሱም። «እንዴት እንደምትሠሪው ብጠይቅሽ ይከፋሻል?»

ሐኪሟ ወረቀት ሳበችና ቱቦ ሣለች፤ ከቱቦው ሥር አንዲት ነጥብ አደረገች።

«ቀዳዳዋን ከዙሪያዋ ለይቼ እዘጋታለሁ። ግን እንዲያ ብቻ ብተዋት ሽንቱ ስፌቱን በጥሶ ይወጣል። ስለዚህ ከሸለፈቱ ሥር ስስ ሥጋ ከነደም ሥሩ አወጣና አዙሬ እደርብባታለሁ። ከሱ በላይ ቆዳውን እሰፋለሁ። ስፌት በስፌት ላይ እንዳያርፍ እያሸሸሁ ነው የምሰፋው።»

«እንደ ጣራ ክዳን» አሉ መሪጌታ። «ያንዱ መጋጠሚያ ባንዱ ወገብ ላይ።»

«እንደሱ ነው።»

«ተርፎ የሚቀረውስ ሸለፈት?»

«የሚተርፈውን ቆርጬ አስተካክለዋለሁ።»

መሪጌታ ወረቀቱን አዩ፤ ሐኪሟን አዩ።

«እንግዲያስ …»

«አዎ፣ አባቴ። ተገርዞ ነው የሚወጣው።»

ስጦታው ሊስቅ ፈልጎ አሳለው። መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ይኼን ሰኞ ዕለት ብሰማ ኖሮ ሁለት ቀን ሙሉ ባልታመምኩ» አሉ።

«ሰኞ ዕለት ዛፍ ሥር ነበሩ» አለች ሐኪሟ። «ማን ጠየቀኝ?»

ረቡዕና ሐሙስ የጨው ውሃውን ያዘጋጁት መሪጌታ ናቸው። ውሃውን በክርናቸው ነክተው ይለካሉ፤ ልጁን ሳፋው ውስጥ ያስቀምጡታል፤ እንዳይሰለች ፊደል ያስቆጥሩታል። ሣህለ ማርያም ሀ ግዕዝ ብሎ ጀምሮ ሐመሩ ሐ ሲደርስ ውሃው ይቀዘቅዛል። «በቃ?» ይላል። «መ ድረስና በቃ» ይሉታል። አገሬ ከበረንዳው ታያለች፤ አትናገራቸውም። ሐሙስ ማታ ሲመሽ ግን እራት ላይ ከሁሉ በፊት ለሳቸው አቀረበች፤ «ጭረቷ ደርቃለች፣ አባባ፤ አይተዋታል?» አለቻቸው። በቀን አሥር ጊዜ ነው ያዩዋት።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ሲስተር ሥርጉት ልጁን ልትወስድ ወጣች። ልጁ በእናቱ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ነበር። አገሬ እጆቹን ቀስ ብላ ፈታችና ለአያቱ ሰጠቻቸው። «እርስዎ ያድርሱልኝ» አለች። መሪጌታ እስከ ሁለተኛው በር ታቅፈው አደረሱት፤ ከዚያ በላይ አይገባም። ብቻቸውን ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ትንሽ እንደቆዩ ፋንታ ጃኬቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። አገሬ አየችው፤ ፊቷን አዞረች፤ ቆይታ ግን ተጠግታ ቦታ ለቀቀችለት። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ስጦታው የግቢውን ድንጋዮች ቆጥሮ ጨርሶ እንደገና ጀመረ።

ሐኪሟ ስትወጣ የራስ መሸፈኛዋን በእጇ ይዛለች። ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሡ።

«ነቅቷል። እናቱን ይጠራል» አለች። «አንድ ችግር አልገጠመኝም። የሸፈንኩበት ሥጋ ደም እንደልቡ ይዘዋወርበታል፤ ለምለም ነው።»

አገሬ ሮጠች። ስጦታው ተከተላት። መሪጌታ ተመልሰው ተቀመጡ። ፋንታ ባርኔጣውን እያሻሸ ሐኪሟን አያት።

«ምን ያህል ፈጀብሽ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«እኔ እኮ ልጁ ወፏን ፈልጎ ሳያገኝ ነው የምጨርሰው።»

«ገራዡ እርስዎ ነዎት?» አለች። ፋንታ ራሱን ደፋ። ሐኪሟ አልተቆጣችም። «በጊዜ ስላቆሙ ነው ዛሬ የሠራሁት። እንዲህ ያለ ሌላ ካጋጠመዎ ወደኛ ይላኩ። ብዙ ገራዥ አያቆምም።»

ፋንታ ባርኔጣውን አደረገ፤ ወዲያው መልሶ አወለቀው። «እሺ፣ ዶክተር» አለ።

ቅዳሜ ሐኪሞቹ ወደ ባሕር ዳር ተመለሱ። ሣህለ ማርያም ቀጭን ላስቲክ ቱቦ እንደተደረገለት ለአሥር ቀን ሞጣ ቆየ። የቱቦው ጫፍ አንዲት ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ሽንቱ በራሱ ይወርዳል። ከረጢቷን ውሻዬ ብሎ ስም አወጣላት፤ በሄደበት ሁሉ ስለምትከተለው ነው። የቅኔ ተማሪዎች መንገድ ላይ ሲያልፉ «ውሻዬን እንዳትረግጡብኝ!» ይላቸዋል፤ እነሱም ዘልለዋት ያልፋሉ። ቱቦው እንዳይሳብ መሪጌታ ከጎኑ አይጠፉም ነበር፤ የቅኔ ጉባኤውን ሳይቀር ወደ ቤታቸው ግቢ አምጥተውት ሰነበቱ።

አሥሩ ቀን ሲሞላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሲስተር ሥርጉት ቱቦውን አወጣች። ልጁ አንዴ «ዋይ» አለ፤ አለቀ።

«አሁን መሽናት ነው» አለች። «መጀመሪያ የሚሸናው ነው የሚነግረን። ከሥር አንድ ጠብታ ከወጣች ስፌቱ ተፈትቷል ማለት ነው፤ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ እንደገና አይነካም።»

ልጁ ግን አልሸናም። ውሃ አጠጡት፤ ሻይ አጠጡት፤ አባቱ ቧንቧ ከፍቶ አሰማው። ከሆስፒታሉ ጓሮ ግድግዳ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ቀሚሱን ይሰበስባል፤ መልሶ ይለቃል። አንድ ሰዓት ሄደ። ሆዱ ተነፋ። አገሬ ከንፈሯን እየነከሰች ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።

መሪጌታ አጠገቡ ሄደው ቁጢጥ አሉ፤ ፊታቸው ከልጁ ፊት ጋር ትክክል ሆነ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ያቃጥለኛል።»

«ሊያቃጥል ይችላል።»

«አያቃጥልም በሉኝ።»

«አልልህም። ትንሽ ያቃጥል ይሆናል። እስከ አምስት ስንቆጥር ያልቃል።»

ልጁ አያቱን መረመራቸው። «እርስዎ ይቁጠሩ» አለ።

«አንድ» አሉ መሪጌታ። «ሁለት።»

ሦስት ላይ መጣ። መጀመሪያ ቆረጥ ቆረጥ አለ፤ ከዚያ ቀጠለ። ከጫፉ ወጥቶ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይበተን ሄዶ ግድግዳውን መታ። ሲስተር ሥርጉት ነጭ ፋሻ ከሥሩ ይዛ ጎንበስ ብላለች። ልጁ የሚያየው ሌላ ነው፤ ውሃው ከእግሩ ርቆ እንዴት እዚያ ድረስ እንደሄደ አፉን ከፍቶ ይመለከታል። እስኪጨርስ አራትም አምስትም የቆጠረ የለም።

ነርሷ ፋሻውን ወደ ብርሃን አነሣችው፤ ገለበጠችው። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«ዶክተር፣ ሸንቷል። … አዎ። አንድ መስመር ነው። … ከሥር? ደረቅ ነው፤ ፋሻው እንደያዝኩት ነው ያለው። … እሺ፣ እነግራቸዋለሁ። እናቱ አሁን እያለቀሰች ስለሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራቸዋለሁ።»

ስጦታው ሚስቱን አቅፎ ከሷ የባሰ ያለቅሳል። መሪጌታ ቁጢጥ እንዳሉ ቀርተው ነበር፤ ሣህለ ማርያም ቀሚሳቸውን ሳበ።

«አባባ፣ ውሃ ያምጡልኝ።»

«ጠማህ እንዴ?»

«ኧረ አልጠማኝም። ልድገመው ብዬ ነው። ቅድም ቦታ አልመረጥኩም።»

«ኧረ ግድግዳዬን!» አለች ሲስተር ሥርጉት።

መሪጌታ አካለ ወልድ ግን ተነሥተዋል። ነጠላቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዶ መሬት እየጠረገ፣ ጫማቸው እየተንሿሿ፣ የሆስፒታሉን ጓሮ አቋርጠው ወደ ቧንቧው ሮጡ።